ሰንበት አክባሪው ሰዓት

«ስምንት መቶ ብር» አልኳት።

ባለቤቴ አዲሱን ሰዓቴን እያገላበጠች በስንት እንደገዛሁት ስትጠይቀኝ አፌ ላይ የመጣልኝ ቁጥር ይኸው ነበር። ለምን ስምንት መቶ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ሁለት ሺህ ብላት እንኳ ትንሽ አጉረምርማ ታልፈው ነበር። እሷም የቻይና ሰዎች እጃቸው እንደማይጣል ተናግራ ሰዓቱን መለሰችልኝና ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። በሕይወቴ ትልቁን ዕቃ ገዝቼ ደስታዬን የምነግረው ሰው አልነበረኝም።

ሰዓቱ የቻይና አልነበረም። የስዊዝ ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቁጡ ነው ይሉኛል፤ አልዋሹም። አርፍዶ የሚመጣ ተማሪ ያናድደኛል፣ አርፍዶ የሚመጣ መምህር ደግሞ ደሜን ያፈላዋል። መጠጥ አልወድም፣ ካርታ አልጫወትም፣ ስለ ልብስ ግድ የለኝም። ሰዓት ግን እወዳለሁ፤ በተለይ ባትሪ የሌለውን። የሰው ክንድ ሲወዛወዝ በውስጡ ያለች ግማሽ ክብ ብረት ትዞራለች፣ ብረቷ ሞላውን ታጠብቃለች፣ ሞላው ሲላላ ሰዓት ቆጣሪዎቹን ዘንጎች ይነዳል። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስስል ኖሬ አንድም ቀን በእጄ ይዤው አላውቅም ነበር።

ያገኘሁት ቡሬ ነው። የዓመት በርበሬ ልገዛ ሄጄ፣ መናኸሪያው አካባቢ በረንዳ ላይ የመስታወት ሣጥን ዘርግቶ የሚቀመጥ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ የተበጠሰ ማሰሪያዬን ላስቀጥል ጎራ አልኩ። ሰውየው የኔን አሮጌ ሰዓት ጆሮው ላይ አድርጎ ካዳመጠ በኋላ ዓይኔን አየኝ፤ የሰዓት ሱሰኛ የሰዓት ሱሰኛን ያውቃል። ከሣጥኑ ሥር ጨርቅ አውጥቶ ፈታና ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው የሸጠለትን ሰዓት አሳየኝ። ስሙ በዓለም የናኘ፣ ትምህርት ቤታችን ከነአጥሩ ቢሸጥ የማንገዛው ሰዓት የሚሠራ አንድ ቤት አለ። ያ ቤት ዋጋዋ ቀለል ያለ እህት ኩባንያ አለችው፤ ይኸኛው የእህትየዋ ሥራ ነው።

«ታላቅየዋ በድል ያለ ድግስ ተዳረች፤ ታናሽየዋ እንዲሁ በሽማግሌ ሄደች» አለኝ ጠጋኙ። «አባታቸው ግን አንድ ነው።»

ያገለገለ ስለሆነ ደግሞ ዋጋው ይበልጥ ወርዷል አለ። ወርዶም የወረደበትን ሲነግረኝ በርበሬዬን ተሸክሜ ከበረንዳው ወረድኩ። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሼ ጀርባውን አስከፈትኩት። በሦስተኛው ሳምንት ያለ ምንም ምክንያት ሄጄ ጆሮዬ ላይ አድርጌው ቆየሁ። በዚያው ወር ደምበጫ ያለውን፣ እናቴ ያወረሰችኝን ባሕር ዛፍ ለአጣና ነጋዴ ሸጥኩና ለባለቤቴ በግማሽ ዋጋ ተሸጠ አልኳት። ግማሹን ለቤታችን ግድግዳ ልስን ሰጠኋት፤ ግማሹን ቡሬ ወሰድኩት።

እምቢ ትለኛለች ብዬ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አፍሬ ነው። የጫማው ሶል የተላቀቀ መምህር በክንዱ ላይ ያን ያህል ገንዘብ አስሮ ሲሄድ ራሴን ከውጭ ሆኜ ሳየው ለራሴም አልገባኝ ብሎ ነው።

የገና ዕለት ወደ ባለቤቴ አባት ቤት ሄድን። ቤታቸው ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ወርዶ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ገጠር ውስጥ ነው። አማቴ ዝምተኛ ገበሬ ናቸው። በዚያ ዓመት መንደሩ የውኃ አባት አድርጎ መርጧቸው ነበር። የውኃ አባት ማለት የመስኖውን ተራ የሚዳኝ ሰው ነው፤ ማን መቼ ቦዩን ወደ ማሳው እንደሚመልስ፣ ማን መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው እሱ ነው። እያንዳንዱ ገበሬ ሁለት ሁለት ሰዓት ይደርሰዋል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የላይኛው መንደር ሰዎች ወንዙን ወደ ራሳቸው ይጠልፉታል፤ ከዚያ በኋላ ጠብታ የለም። በዚያ አገር በውኃ ተራ የተነሣ ስንት ሰው በአካፋ እንደተፈነካከተ ሁሉም ያውቃል።

እራት ላይ አማቴ ችግራቸውን አወሩ። ቀድሞ በጥላ ነበር የሚለካው፤ ደመና ሲሆን ጥላ የለም። አሁን ሁሉም ስልክ ይዟል፤ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ስልኩ ይሞታል፣ ያልሞተውም የያንዳንዱ የተለያየ ሰዓት ነው፣ ማንም ደግሞ የጎረቤቱን ስልክ አያምንም። ዘንጎቹ ከሩቅ የሚታዩ፣ ሁሉም የሚያየው አንድ ሰዓት ቢኖር ብለው ተመኙ። ባለቤቴ አላስጨረሰቻቸውም።

«አባባ፣ ታዲያ የሱን ይውሰዱት እንጂ» አለች ወደ እኔ እየጠቆመች። «ስምንት መቶ ብር ነው። እሱ ሌላ ይገዛል።»

የያዝኩትን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለስኩ። ሁሉም ሰው እያየኝ ነው፤ አማቴ፣ አማቴ አጠገብ የተቀመጠው የሚስቴ ወንድም፣ ጎረቤቶቹ፣ ሁሉም። በዚያ ቤት ፊትን አጥቁሮ ከመስጠት አለመስጠት ይሻላል፤ አለመስጠት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ሰዓቱን ከእጄ ፈትቼ ተነሣሁ። የደነገጥኩት ግን ይበልጥ አማቴ ሲነሡ ነው። ሽማግሌው ሰውዬ ለእኔ ብድግ ብለው ቆሙና ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። አሰርኩላቸው። ቤትህ አይጉደል፣ እጅህ ባዶ አይዋል፣ የጀመርከው አይቁም ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ።

የሚስቴ ወንድም ባትሪው እስከ መቼ እንደሚሠራ ጠየቀኝ። ባትሪ የለውም፣ ከክንድ ከራቀ ሁለት ቀን ሳይሞላው ይቆማል፣ ከቆመ ደግሞ በጎኑ ያለችውን ቁልፍ ደጋግሞ ማጠንጠን ያስፈልጋል ማለት ነበረብኝ። ይህን ካልኩ ግን የስምንት መቶ ብር ሰዓት መሆኑ ያበቃል። «አዲስ ባትሪ ነው፤ ዓመት ያገለግላል» አልኩት።

በማግስቱ ስንመለስ ባለቤቴ ሚኒባሱ ውስጥ እጄን ይዛ ሄደች። ሰዓቱ የነበረበት ቆዳዬ ነጣ ብሎ ይታይ ነበር። አባቷ ያን ያህል ደስ ብሏቸው አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። እኔ በመስኮቱ የማሽላ አገዳ እቆጥር ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የተማሪ ፈተና ሳርም የሚስቴ ወንድም ደወለ። አባታችን ውኃ ሰረቁ ተባሉ አለ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀጥሎ የነገረኝ ግን ሳቄን አጠፋው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቴ ሰዓቱን በሥራ ቀን ቦዩ ዳር ባለ እንጨት ላይ ይሰቅሉታል፣ ሁሉም እንዲያየው። በዚያ ሳምንት ማክሰኞ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት የራሳቸው ተራ ነበር፤ ከሰባት እስከ ዘጠኝ የጎረቤታቸው። ሰማዩ ደመና ነው፣ መብራት ከጠፋ አራት ቀኑ ስለሆነ የጎረቤትየው ስልክ ሞቷል። ሰውየው ሽንኩርቱ ዳር ተቀምጦ ሦስት ጊዜ ተጣርቶ «ደረሰ ወይ?» ይላል፤ አማቴ ወደ እንጨቱ ያዩና ሦስት ጊዜ «ገና ነው» ይላሉ። እንዲህ ሲሉ የላይኛው መንደር ሰዎች መጥተው ወንዙን ጠለፉት። ሰዓቱ ለሰባት ሃያ ጉዳይ ላይ ቆሞ ኖሯል። ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ አንድ ሰው አማቴን የሰዓቱን ቁልፍ ስበው ሲያዞሩ አይቷቸዋል። በራሳቸው ተራ፣ በራሳቸው እጅ አቆሙት ተባለ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ማል ሊሏቸው ነው።

ሚስቴ ስልኩን ተቀብላ ማልቀስ ጀመረች። እኔ የማርምበትን ቀይ እስክርቢቶ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሰዓቱ ለምን እንደቆመ በዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወዲያው ተነሣን። እስከ ቡሬ በሚኒባስ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ሚስቴ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግም ነበር፤ አባቴ በስድሳ ስምንት ዓመቱ ሌባ ተባለ። እኔም በውስጤ ሌላ ውሸት እያበጃጀሁ ነበር። ባትሪው ነው እላለሁ። ያ ሰዓት ቤት የሸጠልኝ አሮጌ ባትሪ ነው፣ ጥፋቱ የእሱ ነው እላለሁ። አማቴ ነጻ ይወጣሉ፤ ሚስቴም ምንም አታውቅም። ቤቱ እስክንደርስ ድረስ ይህን ውሸት እያሳመርኩት ሄድኩ፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

በር ላይ አማቴ ተነሥተው ሊስሙን እጃቸውን ዘረጉ። ሰዓቱ ክንዳቸው ላይ ነው። የሰከንዷ ዘንግ እየዞረች ነው። ከእንጨቱ አውርደው ስላሰሩት ክንዳቸው ሞላውን ሞልቶለታል፤ ሰዓቱ ምንም እንዳልሆነ ይሄዳል። የሞተ ባትሪ ደግሞ ተነሥቶ አይሄድም። የመንገዴ ሁሉ ሥራ እዚያው በር ላይ ፈረሰ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ሲባል እሰማ ነበር፤ የኔው ግን ማደርም አልቻለም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዛፉ ሥር ተቀመጥን። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ ራቅ ብለው በሌላ። ከሳሹ ጎረቤት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህ ይበልጥ ይከብድ ነበር። ሲናገር አማቴን አያያቸውም።

«ሆን ብለው አቆሙት ብል እግዜር ይየኝ» አለ። «ግን ሲፈልጉ ይሄዳል፣ ሲፈልጉ ይቆማል። እንሆ፣ አሁን ተክንዳቸው ላይ እየሄደ ነው። እኔ ምን ልበል?»

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ወደ አማቴ ዞሩና ሰዓቱ ሕመም እንዳለበት ጠየቁ። አማቴ ጊዜ ወስደው የልጃቸው ባል የሰጣቸው ሰዓት ነው፣ ደኅና ነው ብለው መለሱ። በጣም ገረመኝ። ታሟል ቢሉ መውጫ ነበራቸው። ጠዋት ቁልፉን ለምን እንዳዞሩ ሲጠየቁም በሬዲዮ ሰዓት አስተካከልሁት ከማለት በቀር አልጨመሩም። ያን ጊዜ ማል ተባሉ። በዚያ አገር ለእንደሳቸው ያለ ሰው መሐላ፣ እውነት ይዞም ቢሆን፣ ውርደት ነው፤ አልምልም ያለ ደግሞ እንዳመነ ይቆጠራል።

«አልምልም» አሉ አማቴ። «የውኃ አባትነቱን ተረከቡኝ።»

ሰው ሁሉ አጉረመረመ። ከሴቶቹ በኩል የሚስቴን ድምፅ ለየሁት፤ ልቅሶ አልነበረም፣ አየር ያጠራት ሰው ድምፅ ነበር። እኔ ተነሥቼ ቆምኩ። ተነሥ ብሎ ያዘዘኝ አልነበረም፤ ራሴን ቆሜ አገኘሁት።

እንደ ክፍል ውስጥ አስረዳሁ። ይህ ሰዓት ባትሪ የለውም፣ የሚሄደው በክንድ ነው፣ ሁለት ቀን ካልታሰረ ይቆማል፣ ከቆመ በኋላ ትንሽ ቢነቃነቅ ጥቂት ሰዓት ይሄድና ይደክማል አልኩ። አማቴ ከዚያ ማክሰኞ በፊት አውልቀውት እንደነበር ጠየቅኳቸው፤ አዎ፣ ከዓርብ ማታ ጀምሮ አሉ። የሥራ ዕቃ ነውና ቅዳሜና እሁድ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ከተከሰሱ ወዲህ ግን አላወለቁትም። በዚያ ሳምንት ደግሞ ሰኞ ማርያም ስለነበረች እስከ ማክሰኞ ጠዋት አላወጡትም። ማክሰኞ ቆሞ ሲያገኙት አስተካክለው ኪሳቸው ውስጥ ከተው ቦይ ወረዱና ሰቀሉት። መንገዱ የሰጠው አቅም ለሰባት ሃያ ጉዳይ ላይ አለቀ።

ከኋላ አንዱ ሳቀ። የስምንት መቶ ብር ሰዓት በሰው ክንድ ይሄዳል ወይ አለ። የሚስቴ ወንድም ባትሪው ዓመት ያገለግላል ብሎኝ ነበር ብሎ ተናገረ፤ ሊያጋልጠኝ አልነበረም፣ ግራ ገብቶት ነው። ሰብሳቢው እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ሰዓቱ ስንት ነው የተገዛ?»

ወደ ሴቶቹ አየሁ። ሚስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀጥ ብላ ታየኛለች።

«መቶ ሃያ ሺህ ብር» አልኩ።

አማቴ ክንዳቸውን ከጭናቸው ላይ ቀስ ብለው አነሡና ከሰውነታቸው አራቁት፣ እዚያ ላይ የሆነ ነገር የተቀመጠባቸው ያህል። ሚስቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች፤ ፊቷ ላይ ንዴት ጠብቄ ነበር፣ ያየሁት ግን ሰውን አላውቀውም የሚል ፊት ነው። እህት ኩባንያዋን፣ ያገለገለ መሆኑን፣ የቡሬውን በረንዳ ሁሉ ተረክኩላቸው። ሳቁ ቆመ፤ እምነት ግን አልመጣም። ከሳሹ ለአማቱ ሲል ነው ይህን ሁሉ የሚቀባጥረው አለ። አልፈረድኩበትም።

ሽማግሌዎቹ ተመካክረው የወሰኑት ውሳኔ እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ሰዓቱ ይታሰር አሉ። ቄሰ ገበዙ የዕቃ ቤቱን ሣጥን አመጡ፣ ሰዓቱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ገባ፣ የሣጥኑን ቁልፍ ከሳሹ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ረቡዕ ረፋድ ሁላችንም ባለንበት ይከፈታል። ቆሞ ከተገኘ አማቴ ነጻ ናቸው፤ ሲሄድ ከተገኘ ውኃ አባትነቱም ስማቸውም ይቀራል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቴ ከቤት ጀርባ፣ ጎመኑ ዘንድ አገኘችኝ።

«ሌላስ?» አለችኝ።

የባሕር ዛፉን ነገር ነገርኳት። ሰምታ ጨረሰች።

«ለአባቴ ስትል ተናገርክ» አለች። «ለእኔ ብለህ አትናገርም ነበር።»

እውነቷን ነው። ከዚያ እስከ ረቡዕ እዚያው አባቷ ቤት ቆየን። ውኃ ትሰጠኛለች፣ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ዓይኔን አታይም። እኔም ሌላ ጭንቀት ያዘኝ። ሰዓቱ ሦስት ቀን የሚሄድ ቢሆንስ? የእህትየዋ አዳዲስ ሰዓቶች ረጅም ጊዜ ይቆያሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የኔ አሮጌ ነው፣ ግን በደንብ ለክቼው አላውቅም። ብዙ ጊዜ አላወልቀውም ነበር፤ እወደው ነበር። የፊዚክስ መምህር ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆሜ የገዛ ሰዓቴ እንዲቆም ጸለይኩ።

ረቡዕ ከእሁዱ ይልቅ ብዙ ሰው መጣ። ከላይኛው መንደር ጭምር። ከሳሹ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ሣጥኑን ራሱ ከፈተ፣ ጨርቁን ራሱ ፈታ። እኔ ማየት ስላልቻልኩ የሰውየውን ፊት ነበር የማየው። ፊቱ ቀስ ብሎ ተለወጠ። ሰዓቱን ለሰብሳቢው አሳየ፤ ሰብሳቢው ለቄሰ ገበዙ። ቆሟል።

ከሳሹ ግን አልበቃውም። ሰዓቱን ጆሮው ላይ አደረገ፣ ገልበጥ አደረገው፣ እንደ በቆሎ ፍሬ በመዳፉ አንቀጠቀጠው። የሰከንዷ ዘንግ ተነሥታ ሄደች። ሰውየው ደንግጦ ሊጥለው ምንም አልቀረው፤ በሁለት እጁ ያዘው። ዙሪያውን የነበረው ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ እኔም ጭምር፤ ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ነገር በዚያች ቅጽበት ለእኔም እንደ አዲስ ሆነብኝ። ቄሰ ገበዙ በስልካቸው አይተው ሰዓቱን አስተካከሉት፤ ከሳሹም መልሶ አማቴ ክንድ ላይ በገዛ እጁ አሰረው። ሽማግሌዎቹ ከእንግዲህ ሰዓቱ እንጨት ላይ እንዳይሰቀል፣ ተራውን የሚጠብቀው ሰው ክንዱ ላይ እንዲያስረው ወሰኑ። ይመለስልህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ከዚያ ከሳሹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሄዶ ድንጋይ አነሣ። በአገሩ ደንብ የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ አጎንብሶ ይቅርታ ይለምናል። አማቴ አስቆሙት።

«ተው፤ ድንጋዩ ያንተ አይዶለም» አሉት። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ይኸ ሰዓት ባወለቅሁት ቁጥር እንደሚቆም ተመጀመሪያው ሳምንት አውቄያለሁ። እሁድ እሁድ ማታ አስተካክየ፣ ክንዴ ላይ አስሬው አድራለሁ፤ ሲነጋ ደኅና ይሄዳል። ያን ሰሞን ማርያም ሰኞ ዋለችና ሰኞ ማታ ዘንግቸ ሳላስረው አደርሁ።»

ሰብሳቢው ታዲያ ያን ዕለት ሲጠየቁ ለምን እንዳልተናገሩ ጠየቋቸው።

«ልጁ ተክንዱ ፈትቶ የሰጠኝን ሰዓት፣ አገር በተሰበሰበበት የማይረባ ነው ልበል?» አሉ አማቴ። «ርካሽ ሰጠ ተብሎ ይፈር? እኔስ ሽማግሌ ነኝ፤ ስሜ ቢጎድል ዕድሜየ አልቋል። እሱ ገና ነው ብየ ነው።»

እኒህ ሰው የኔን ስምንት መቶ ብር ለመሸፈን ሌባ ተብለው ሊኖሩ ነበር። እኔ ዋጋውን ደበቅኩ፤ እሳቸው ያላወቁትን ዋጋ በስማቸው ሊከፍሉ ነበር። ማን ምን እንደሚል ሳልጠብቅ ሄጄ ድንጋዩን ከከሳሹ እጅ ተቀበልኩና ማጅራቴ ላይ አድርጌ አማቴ እግር ሥር አጎነበስኩ።

«ይቅር ለእግዜር» አሉ ወዲያው፣ ድንጋዩንም አነሡልኝ። ሰዓቱ ጆሮዬ አጠገብ ሲያልፍ ሰማሁት። ቀና ልል ስል ግን እጃቸው ትከሻዬን ተጫነኝ።

«የኔን አንሥቻለሁ» አሉ። «የሷን ግን እሷ ታንሣ።»

ድንጋዩን መልሰው ማጅራቴ ላይ አስቀመጡት። ሳቅ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ከሴቶቹ መካከል የሚስቴ ጫማ ሲቀርብ አየሁ፤ ከዚያ በላይ ማየት አልችልም ነበር። ፊት ለፊቴ ቆመች። ድንጋዩ የያዘው አሸዋ ወደ አንገትጌዬ ውስጥ ይረግፋል።

«አባባ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አለች።

አማቴ ክንዳቸውን አነሡ። ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው አሉ።

«አራት ሲሞላ ይንገሩኝ» አለች።

አሥራ አምስቱን ደቂቃ እዚያው አጎንብሼ ቆምኩ፤ ከሽማግሌዎቹም ይበቃዋል ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ሰዓቱ አንድም ጊዜ አልቆመም። አራት ሲሞላ አማቴ ነገሯት፣ እሷም ድንጋዩን አንሥታ ወደ ግንቡ መለሰችው።